የኪሎ እቁባችን

ሴት ልጅ ካስክ ስር ተቀምጣ የምታወራውን ለእናቷም አታወራም። ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ ዲላ ላይ ጸጉር ቤት ከፍቼ የሰው ጸጉር ስጎትት ነው ዕድሜዬ ያለፈው። የአማት ነገር፣ የባል ነገር፣ የጎረቤት ነገር ሁሉ በዚህች ጆሮዬ አልፏል። ከሁሉም አብልጬ የሰማሁት ግን አንዲት ቃል ናት፦ "ወፈርኩ!" ወፍራሟም ወፈርኩ ትላለች፣ ቀጭኗም ወፈርኩ ትላለች። ነፋስ የሚወስዳት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳትቀር መስታወቴ ፊት ቆማ ሆዷን ቆንጥጣ "ሮሚ ሙች፣ ይሄን ተመልከቺ" ትለኛለች። ምኑን ልመልከተው?

ሮማን እባላለሁ። የሚወዱኝ ሮሚ ይሉኛል፣ የማይወዱኝ ምላሳሟ ይሉኛል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰሞን እኔም ራሴ ከወፈርኩ ባዮቹ አንዷ ነበርኩ። ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ፣ ማታ ደክሞኝ እበላለሁ፣ በልቼ እተኛለሁ። ለእህቴ ልጅ ክርስትና ያሰፋሁት ቀሚስ ዚፑ ወገቤ ላይ ደርሶ እምቢ ሲል ባሌ "ተይው በቃ፣ ነጠላ ይሸፍነዋል" አለኝ። ነጠላ ይሸፍነዋል! ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት።

እቁቡን ያመጣችው ዘይነባ ናት። ዘይነባ ከጸጉር ቤቴ ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ የጉራጌ ልጅ ናት። አንድ ቀን ስልኳ ላይ አንዲት ልጅ "በአንድ ወር እንዲህ ነበርኩ፣ እንዲህ ሆንኩ" እያለች ስትገላበጥ አሳየችንና "እኛስ ምን ያንሰናል? እቁብ እንግባ" አለች። እቁብ መቼም እንደምታውቁት በዕጣ ነው። የኛ ግን በኪሎ ሆነ። የገና በዓል ሳይደርስ ብዙ የቀነሰችው የመጀመሪያውን እቁብ ትወስዳለች፣ ከእሷ ቀጥላ የቀነሰችው ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አምስት ሴቶች ገባን። ዳኛዋ እኔ ሆንኩ፤ አፍ ያለው ሰው ሁልጊዜ ዳኛ ይሆናል።

ከአምስታችን አንዷ ታደለች ነበረች። ታደለች ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ የዱመርሶ ልጅ፣ ጌዴኦ። ባሏ ማርቆስ አስተማሪ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፣ ትንሿ ያኔ ገና ጡት አልጣለችም። ቡና በሚደርስበት ወቅት ታደለች ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ አሪቻ ሄዳ ማታ ትመለሳለች፤ እዚያ ካለ የቡና ማጠቢያ ትሠራለች። የታጠበው ቡና አልጋ ላይ ሲሰጣ የሚለቅሙትን ሴቶች የምትቆጣጠረው እሷ ናት።

የታደለችን ድምፅ ብትሰሙት! ግቢዋ ውስጥ ልብስ እያጠበች ስትዘምር፣ እኔ የማርያም ልጅ፣ ሬዲዮኔን ዘግቼ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ከኳየሩ ፊት የምትቆመው እሷ ነበረች። ሦስተኛዋን ከወለደች በኋላ ግን የኳየሩ ልብስ አልዘጋላት አለ። የኳየሩ መሪ በጨዋ ደንብ ጠርቷት "እህት ታደለች፣ ለገናው ፕሮግራም ከኋላ ብትቆሚስ? እዚያ ልብሱ ባይዘጋም አይታይም" አላት። ይህን የነገረችኝ ካስክ ስር ሆና ነው፤ እያለቀሰች፣ በካስኩ ጩኸት ውስጥ። "ሮሚ፣ ልብሱ ካልዘጋልኝ አልዘምርም" አለችኝ። ገና ደግሞ ደርሷል።

በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፋርማሲ በር ላይ ያለ ሚዛን ላይ እንወጣ ነበር። እኔ እፍኝ ታህል እቀንስና በሚቀጥለው እመልሳታለሁ። ዘይነባ ጭራሽ ጨመረችና ሚዛኑን ሰደበችው። ታደለች ግን ትወርዳለች። መጀመሪያ "እሰይ" አልናት፣ ኋላ "ኧረ ቆይ" አልን፣ ከዚያ ዝም አልን። ዝምታው ቅናት ነበር፣ ምን እዋሻችኋለሁ። አገጯ ሾለ። የጋብቻ ቀለበቷ ተንሸራቶ ሳፋ ውስጥ ወደቀ። ሹሩባ ልትሠራ መጥታ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ቫዝሊን ጠየቀችኝ። ሻይ ሳቀርብላት "በኋላ" ትላለች፣ ሻዩም እዚያው ይቀዘቅዛል። ይህ ሁሉ ፊቴ ነበር፤ እኔ የሚታየኝ ግን አገጯ ብቻ ነው።

"አንቺ ሴት፣ ምን እየወሰድሽ ነው? አፈር ስሆን ንገሪኝ" አልኳት አንድ ቀን።

ወደ በሩ አየት አደረገችና "ቅዳሜ አሪቻ ስትመጪ አሳይሻለሁ፤ በወሬ አይገባሽም። ለማንም እንዳትናገሪ። በተለይ ለማርቆስ!" አለችኝ።

ቅዳሜ የመጨረሻው ምዘና ነበር። ዘይነባ "የፋርማሲው ሚዛን ያዳላል" ብላ ስላስቸገረች፣ ታደለች "እንግዲያው እኛ ጋ ኑ፤ የቡና ሚዛን ሰው አይመርጥም" ብላን ተስማምተናል። ሌሎቹ ሁለቱ ለቅሶ ነበረባቸውና እኔና ዘይነባ ብቻ ሄድን።

ኪሎ እንዳይጨምርብን ብለን ውሃ እንኳ ሳንቀምስ ነው ከዲላ መናኸሪያ የተነሳነው። ዘይነባ ሚኒባሱ ውስጥ ጉትቻዋን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ይሄም ይመዝናል።"

"ታዲያ ጥርስሽንስ ለማን ትተይዋለሽ?"

ወናጎን እስክናልፍ ድረስ ስንሳሳቅ ሄድን። ይርጋጨፌ ስንወርድ ግን ሳቁ አለቀብኝ። ምንድን ነው የምታሳየኝ? ክኒን ይሆን? የባህል መድኃኒት ይሆን? ምንም ይሁን ምን ግን ሰኞ እጀምረዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ባጃጁ አቧራ አልብሶ ማጠቢያው በር ላይ ጣለን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በእንጨት ቋሚ ላይ ከፍ ተደርገው የተሠሩት የቡና ማስጫ አልጋዎች ቁልቁል ተደርድረዋል፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። እኩለ ቀን ሊሆን ስለሆነ ቡናው ላይ ላስቲክ መዘርጋት ጀምረዋል። ዘይነባ "ለምንድን ነው የምትሸፍኑት? ፀሐይ ለማድረቅ አይደል የሰጣችሁት?" ስትል፣ አንዲት እድሜ ጠገብ ለቃሚ፣ አዴ ወርቄ የሚሏቸው፣ "የቀትር ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል" አሏት።

ታደለች ከወዲያ ብቅ አለች። እኔ በስስ ቀሚስ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ እሷ ወፍራም ሹራብ ለብሳ እስከ አንገቷ ቆልፋለች። አካሄዷ ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው አካሄድ ነው። ስስማት ጉንጯ እንደ ምጣድ ጋለብኝ።

"ታዱ፣ አሞሻል እንዴ? ትኩሳት አለሽ እኮ!"

"ፀሐይ ነው። ኑ፣ ቶሎ እንመዘን።"

ጆንያ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ መጀመሪያ ዘይነባ ወጣች፣ ቀጥሎ እኔ። የእኛን አልነግራችሁም። ታደለች ስትወጣ ሚዛን ያዡ ራሱ ገርሞት ሁለቴ አየ። ዘይነባ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። "እቁቡ የሷ ነው! ወላሂ አሸነፈችን!" ታደለች ከሚዛኑ ስትወርድ ፈገግ አለች፤ ስትስቅ ከንፈሯ ተሰነጠቀና ደም ጠብ አለ፣ በእጅጌዋ ጠረገችው።

"ነይ ሮሚ፣ ቃሌን ላክብር" ብላ እጄን ይዛ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ወሰደችኝ። እጇ ደረቅ ነበር። ያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ እጇን አላላባትም።

"አየሽ፣ እሸት ቡና ከገበሬ ስንቀበል ከባድ ነው። ታጥቦ፣ አልጋ ላይ ሰንብቶ ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚቀለው ብታዪ! ምኑ ነው የሄደው? ውሃው። ሰውም ያው ውሃ ነው ሮሚ። እኔ ይሄን ሁልጊዜ እያየሁ እንዴት ሳላስብ ቀረሁ?"

"እና ምን አደረግሽ?"

"ላሳይሽ" ብላ የሹራቧን ቁልፍ መፍታት ጀመረች። አንዱን ፈታች። ሁለተኛውን ለመፍታት ስትል ጣቷ ቁልፉን ሳተው፣ ደግሞ ሳተው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እኔን አይደለም የሚያየው። "ሮሚ፣ ማነው መብራቱን ያጠፋው?" አለች። በጠራራ ፀሐይ! ከዚያ እንዳለች ቁጭ ብላ ወደ ጎን ተዘረረች።

እኔ እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም። አዴ ወርቄ፣ አማርኛቸው ሴትና ወንድ ብዙም የማይለየው፣ "ታደለች ወደቀ! ኑ፣ ታደለች ወደቀ!" እያሉ ሲሮጡ ሴቶቹ ሁሉ ቡናውን ትተው ተከተሏቸው። ሹራቧን ቀደን ከፈትነው። ሞት ይርሳኝ! ከጡቷ ስር እስከ ጭኗ ድረስ ያ ቡና የሚሸፈንበት ላስቲክ ተጠምጥሞባታል፣ በጆንያ ሲባጎ ተጠፍሯል። በላስቲኩና በቆዳዋ መካከል ያለው ላብ ሸተተኝ። ቡናውን ከፀሐይ የምታድንበትን ላስቲክ ለራሷ ላብ ማውጫ አድርጋዋለች። ሲባጎው በእጅ አልፈታ ሲለን የጆንያ አፍ በሚቆረጥበት ቢላዋ በጠስነው፤ ላስቲኩ ሲላቀቅ ሆዷ ቀልቷል፣ ሲባጎው ያረፈበት ቦታ ቆስሏል።

"ውሃ! ውሃ አምጡ!" ይላል ሁሉም። አፏ ላይ ብናደርግላት አልዋጥ አላት፣ በጉንጯ ፈሰሰ። አዴ ወርቄ ነጠላቸውን ነክረው ደረቷ ላይ አነጠፉ። ዘይነባ መሬት ላይ ተንበርክካ በሻርፗ ታራግባለች፣ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ትላለች። እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ የታደለችን ጫማ ይዤ ቆሜአለሁ። ለምን ጫማዋን እንደያዝኩ እስከዛሬ አይገባኝም።

ቡና የሚጭነው አይሱዙ ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፈን ይርጋጨፌ አደረስናት። እዚያ ግሉኮስ ሰኩላትና በአምቡላንስ ወደ ዲላ ላኩን። ያ መንገድ! ጠዋት እየሳቅን የመጣንበት መንገድ ነው፣ ግን አላልቅ አለ። አንድ ጊዜ ዓይኗን ከፈተች።

"ዘጋ ወይ?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ልብሱ... ዘጋ ወይ?"

"ዘግቷል እህቴ፣ እንዲያውም ሰፍቶሻል" አልኳት። ውሸቴን ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። ዓይኗን መልሳ ከደነች።

ሆስፒታል እንደደረስን ወጣት ሐኪም እየሮጠ መጣ። "ምን ነክቷት ነው?" አለ።

"ላስቲክ" አለች ዘይነባ።

"ላስቲክ በላች?"

"ታጠቀች!"

ሐኪሙ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። ነገሩን እንደ ምንም አስረዳሁት። ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀኝ፦ "ውሃ ከጠጣች ስንት ጊዜ ሆናት?" አላውቅም አልኩ። "ሽንት መቼ ነው የሸናችው?" እሱንማ ማን ያውቃል? አራት ሴቶች ኪሎዋን እስከ ነጥቡ እናውቃለን፣ ይህችን ግን ማናችንም አናውቅም።

"ስሙኝ" አለ። "ሰውነቷ ውሃ አልቆበታል። ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል። ፈሳሽ እየሰጠናት ነው። ይህ ከረጢት ይታያችኋል?" ከአልጋዋ ስር ቱቦ የተያያዘበት ግልጽ ከረጢት ተንጠልጥሏል። "ሽንቷ እዚህ መምጣት አለበት። ከመጣ፣ ተመለሰች ማለት ነው። እስከ ነገ ጠዋት ካልመጣ የኩላሊት እጥበት ወዳለበት ወደ ሀዋሳ እንልካታለን። በዚያ በኩል ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል።"

ወገኖቼ፣ ባዶ ከረጢት እያዩ መዋል ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ከላይ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ይላል፣ ይገባል፣ ይገባል፤ ከታች ምንም የለም። የት ነው የሚሄደው? ዘይነባ በየጊዜው ቀለበት እንደጠፋባት ሴት ከአልጋው ስር ትንበረከካለች። "አለ?" እላታለሁ። "የለም" ትለኛለች። ትንሽ ቆይቼ እኔ እንበረከካለሁ። "አለ?" ትለኛለች። "የለም።"

ማርቆስ ትንሿን ታቅፎ መጣ። ልጅቷ እናቷን ስታይ እጇን ዘርግታ ጡት ፈልጋ ጮኸች። ሲስተሯ ከለከለችና ለዘይነባ ሰጠናት፤ ዘይነባ ይዛት ወጣች። ማርቆስ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በጉርብትናችን ድምፁን ሲያሰማ ሰምቼው አላውቅም።

"ሮማን፣ ምን አድርጋችኋት ነው?" አለኝ። "ጠዋት ደህና ነበረች እኮ!"

"ደህና አልነበረችም ማርቆስ።" ነገርኩት። ላስቲኩን፣ እቁቡን፣ ሚዛኑን፣ ሁሉንም።

"እኔ ወፈርሽ ብያት አላውቅም! አንድ ቀን! ማን ነው ያላት?"

የኳየሩን ልብስ ነገር አልሰማም ነበር። ስነግረው ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "እኔ እኮ ስትዘምር ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማት" አለ። እንባዬ መጣ። አብሬው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እንቅልፍ በዓይናችን ሳይዞር ነጋ። እሑድ ነው። በአንድ በኩል የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የነማርቆስ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር፤ ታደለች የሌለችበት። ማርቆስ አልጋውን ይዞ በጌዴኡፋ ቋንቋ ይጸልያል። እኔ ለእመቤቴ ተሳልኩ። ዘይነባ ኮሪደር ላይ ሶላቷን ሰግዳ ተመለሰች። ሐኪሙ ገብቶ ከረጢቱን አየና ሰዓቱን ተመለከተ። "የሀዋሳውን አምቡላንስ ጥሩልኝ" ሲል ሰማሁት። ማርቆስ ተነስቶ የታደለችን ጫማ እግሯ ላይ ሊያደርግ ሞከረ። ግራና ቀኙ ተምታቶበት እምቢ አለው።

ይሄኔ ነው ዘይነባ ለመጨረሻ ጊዜ የተንበረከከችው። ከአልጋው ስር ቶሎ አልወጣችም።

"ዘይነባ? ምንድን ነው?"

"ሮሚ... ቱቦው ውስጥ... ነይማ እዪው።"

ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረች ጠብታ በቱቦው ውስጥ ቀስ እያለች ትወርዳለች። ከረጢቱ አፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ከዚያ ጠብ አለች። ሌላ ተከተለቻት። ደግሞ ሌላ።

"መጣ!" አልኩ። "ሲስተር! ዶክተር! መጣ!"

ዘይነባ ከአልጋው ስር ሳትወጣ እልልታውን ለቀቀችው። ሰርግ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ እልልታ አልሰማሁም። እኔም ተቀበልኳት። ከጎረቤት ክፍል አስታማሚዎች በሩን ሞሉት፣ አንዲት እናት "እንኳን ማርያም ማረቻት! ምን ተወለደ? ወንድ ነው ሴት?" ብለው ጠየቁ።

"ሽንት ነው!" አለች ዘይነባ እንባዋን እየጠረገች።

እናትየው ግር አላቸውና አየት አደረጉን። ከዚያ ከረጢቱን አዩ፣ የማርቆስን ፊት አዩ፣ ገባቸው። እሳቸውም እልል አሉ።

የሀዋሳው ጉዞ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ከረጢቱ እየሞላ፣ ቀለሙም እየነጣ ሄደ። ታደለች ነቃች፣ ዞር ዞር ብላ አየችንና የመጀመሪያ ቃሏ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "እቁቡን ሰጣችሁኝ?" ያን ጊዜ የሰደብኳትን ስድብ እዚህ መጻፍ አልችልም። ስድቡን ስጨርስ አቅፌያት ተንሰቀሰቅኩ።

ልትወጣ ስትል ሐኪሙ ሚዛን ላይ እንድትቆም አደረገ። ያ ሁሉ በመከራ የወረደ ኪሎ፣ ለጥቂት ሲቀር፣ በግሉኮስ ተመልሷል! ታደለች ሚዛኑን አይታ ፊቷ ጠቆረ። ሐኪሙ አጠገቧ ቁጭ አለ።

"የቀነስሽው ስብ አልነበረም" አላት። "ውሃሽን ነው ያፈሰስሽው። ውሃው ሲመለስ ኪሎውም ተመለሰ።" ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ? ይህን ኪሎ በስንት ጊዜ አመጣሽው?"

"ኧረ ዶክተር፣ ከመጀመሪያ ልጄ ጀምሮ ነው፤ ልጁ አሁን ጺም እያወጣ ነው።"

"ታዲያ ልጅሽ ጺም እስኪያወጣ የመጣውን እስከ ገና ልታጠፊው?"

ነጠላዬን ሆዴ ላይ ሳብ አደረግኩ። "በወር አንድ ኪሎ፣ ቢበዛ ሁለት ብትቀንሱ ተደሰቱ" አለን። "አንዳንድ ወር ምንም አይቀንስም፤ እሱንም ቻሉት። ልጅ የወለደ ሆድ ደግሞ ያልወለደ ሆድ አይሆንም። ብሉ፣ ጠጡ፣ ተኙ፣ ተራመዱ።" እናቴ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ስትለኝ ስለ ወጥ የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ እኅቶቼ። ሰኞ እጀምረዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል መግባቴን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ታደለች ያን ሹራብ ፈታ አሳይታኝ ቢሆን ኖሮ፣ በማርያም እነግራችኋለሁ፣ አደርገው ነበር። ላስቲክ የት ይገኛል ብዬ ዘይነባን እጠይቃት ነበር፣ ዘይነባ ደግሞ ትሸጥልኝ ነበር። ይህ ነገር የሞኝ ሴት ታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ ታደለች ከማውቃቸው ሴቶች ሁሉ አስተዋይ ናት። ሰው ከኋላ ቁሚ ሲባል የሚያደርገውን አያውቅም፣ በቃ።

ስለዚህ አሁን አንዷ ካስክ ስር ሆና "ሮሚ፣ በወር ይህን ያህል መቀነስ እፈልጋለሁ" ስትለኝ፣ መጀመሪያ "ማነው ምን ያለሽ?" ብዬ እጠይቃታለሁ። ብዙ ጊዜ ከኪሎው በስተጀርባ የሆነ ሰው አፍ አለ። ያ ሲወጣላት ግማሽ ሸክሟ ይቀላል። ጤናዬ ነው፣ ጉልበቴን አሞኛል፣ ደም ግፊት አለብኝ የምትለኝን ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ እላታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከእኛ ጋር ትራመድ። ዘይነባ በየዳገቱ "ቆይ፣ ጫማዬ ተፈታ" እያለች ታርፋለች። ጫማዋ ክር የለውም።

ዓመት ሊሆነን ነው። ቀሚሴ አሁንም አይዘጋም፣ ግን ዚፑ ከወገቤ አልፎ ሁለት ጣት ሲቀረው ነው የሚቆመው። ደረጃ ስወጣ አላለከልክም። ይህን በስልክ ብቀርጸው ማንም አያየውም፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ያ ገና እንዴት እንዳለፈም ልንገራችሁ። ማርቆስ የኳየሩን ልብስ ለልብስ ሰፊ ወስዶ ግራና ቀኙን አስተረተረና ጨርቅ አስጨመረበት። አንድ ዓይነት ጨርቅ ከዘይነባ ሱቅ አልተገኘም፤ የተጨመረው ትንሽ ደመቅ ይላል። መሪውን ምን ብሎ እንዳናገረው አላውቅም፣ አልነገረኝም። በዕለቱ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ቤት ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ታደለች ከፊት ቆማለች፣ ሁለቱ ደማቅ ጨርቆች ከጎንና ከጎኗ ከሩቅ ይታያሉ። አፏን ስትከፍት ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። ማን ጨርቅ ያያል?

እቁቡም አልፈረሰም፤ በዕጣ ሆነ እንጂ። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ግን ዳኛዋ ያወጣሁት አንድ ሕግ አለ፦ ሁላችሁም አንዳንድ ብርጭቆ ውሃ ፊቴ ትጠጣላችሁ፣ ያልጠጣች ዕጣ የላትም። ታደለች ሁልጊዜ ቀድማ ትነሳለች። ብርጭቆዋን ወደ ላይ ከፍ ታደርግና፣ በዚያ እኔ ሬዲዮ ዘግቼ በምሰማው ድምፅዋ፣ "ለሽንታችን!" ትላለች። እኛም "አሜን" ብለን እንጠጣለን።